አምስቱ እርምጃዎች፦ የክሪተር ክላስና ልጆቹ የሚጠብቁት ውል



 

በቱቶሪያሎቻችን ላይ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ኢንሄሪታንስ ምን እንደሆነ ገብቶናል፤ ግን ለምን ይጠቅማል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በክፍል የምንማረው ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። እንስሳ የሚባል ክላስ አለ፤ ውሻ ከእሱ ይወርስና ይጮሃል፣ ድመትም ትወርስና ሚያው ትላለች። ፈተና ላይ ትርጉም ለመጻፍ ይህ ይበቃል። አምስት ሰው ሥራ ተከፋፍሎ አንድ ፕሮግራም ሲጽፍ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም ውሻውና ድመቷ በጭራሽ አይገናኙም። አንዱ ሌላውን አያባርርም፣ ቦታውን አይቀማውም። ወላጁ ክላስም ለልጆቹ ያወረሳቸው የሜተድ ስም ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ አንድ በሥራ ላይ የዋለ ወላጅ ክላስ ወስደን ከላይ እስከ ታች እንቀራዋለን። ስሙ ክሪተር ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ትንንሽ እንስሳትን በፍቅር የሚጠሩበት ቃል ነው። የክላሶቹንና የሜተዶቹን ስም እንደሚነበቡት በፊደላችን እንጽፋቸዋለን፤ ኮዱን ስትከፍቱ በእንግሊዝኛ ታገኟቸዋላችሁ።

ክሪተር የሚኖረው ግሪድወርልድ በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ነው። የጻፈው ኬይ ሆርስትማን ነው፤ «ኮር ጃቫ» የተባለውን መጽሐፍ ያነበባችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2014 ድረስ፣ አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ትምህርት በሚፈተኑበት የኤፒ ኮምፒውተር ሳይንስ ፈተና ላይ፣ ተፈታኙ ሁሉ ይህን ፕሮግራም አንብቦ መግባት ነበረበት። ፈተናው ኋላ ላይ ትቶታል። ኮዱ ግን በነጻ ፈቃድ የተለቀቀ ስለሆነ ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው ይችላል፤ በጣም ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። በእኛ እይታ ለዚህ ኮርስ ከእሱ የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ይከብዳል።

የክላስ ሐሳብ ራሱ የመጣው የገሃዱን ዓለም በኮምፒውተር ከማስመሰል ሥራ መሆኑን ማወቅም ጥሩ ነው። ኦሌ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎርድ የተባሉ ኖርዌያውያን በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ሲሙላ የተባለ ቋንቋ ሠሩ። ዓላማቸው እንደ ወረፋና ትራንስፖርት ያሉ ሂደቶችን አስመስሎ ማጥናት ነበር፤ ሲሙላ 67 ላይ ክላስና ውርስ አብረው መጡ። እንግዲህ በተመሰለ ዓለም ላይ ኢንሄሪታንስን መማር ነገሩን ከምንጩ መማር ነው።

አሁን ወደ ዓለሙ እንግባ። አራት ማዕዘን ሰሌዳ ነው፤ ሲከፈት 10 በ10፣ ማለትም መቶ ሴሎች አሉት። በአንድ ሴል ውስጥ ከአንድ በላይ መኖር አይቻልም። በእያንዳንዱ ዙር ፕሮግራሙ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ሁሉ በዝርዝር ይይዝና በየተራ ይጠራቸዋል። ተራው የደረሰው «አክት» የተባለው ሜተዱ ይሠራል፤ ተራው ሳይደርስ የተበላ ካለ ይታለፋል።

የሁሉም አባት አክተር የተባለው ክላስ ነው። ቀለም፣ አቅጣጫ፣ ቦታና የሚኖርበትን ሰሌዳ ይይዛል። ተራው ሲደርስ የሚያደርገው 180 ዲግሪ ዞሮ ጀርባውን መስጠት ብቻ ነው። ከእሱ ሮክ ይወርሳል፤ ድንጋይ ነውና ምንም አያደርግም። ፍላወር አበባ ናት፤ በየዙሩ ቀለሟ በጥቂቱ እየጠቆረ ይሄዳል። ባግ (በግ ብላችሁ እንዳታነቡብን፣ ጥንዚዛ ናት) ወደፊት ትጓዛለች፣ በለቀቀችው ቦታ ላይ አበባ ትተዋለች፣ መንገዷ ሲዘጋ 45 ዲግሪ ትዞራለች። እነዚህ ሦስቱ የአክተርን አክት ሙሉ በሙሉ በራሳቸው ተክተውታል። አራተኛው ልጅ ክሪተር ነው፤ እሱ ደግሞ የራሱ ልጆች እንዲኖሩት ታስቦ ተጽፏል።

ክሪተር አክቱን በአምስት እርምጃ ከፍሎ ቅደም ተከተል አስይዞታል። መጀመሪያ ጌትአክተርስ ይጠራል፤ «ዙሪያዬን ማን አለ?» ማለት ነው። ቀጥሎ ፕሮሰስአክተርስ፤ «ያገኘኋቸውን ምን ላድርጋቸው?» ሦስተኛው ጌትሙቭሎኬሽንስ፤ «ወዴት ወዴት መሄድ እችላለሁ?» አራተኛው ሴሌክትሙቭሎኬሽን፤ «ከእነዚህ የቱ ይሻለኛል?» የመጨረሻው ሜክሙቭ፤ ወደተመረጠው ቦታ መሄድ። የአንዱ መልስ ለሚቀጥለው ይሰጣል። የክሪተር አክት ይኸው ነው፤ ስድስት ሰባት መስመር አይሞላም።

ልጅ ክላስ ካልቀየራቸው በስተቀር አምስቱም የራሳቸው መልስ አላቸው። ክሪተር በአጠገቡ ባሉት ስምንት ሴሎች ያሉትን ያያል። ከድንጋይና ከሌላ ክሪተር በቀር ያገኘውን ሁሉ ይበላል። አጠገቡ ያሉትን ባዶ ሴሎች ይሰበስባል፤ ከእነሱ አንዱን በዘፈቀደ ይመርጣል፤ ባዶ ሴል ከሌለ እዚያው ይቆያል።

መድረሳ ሰርፍ የቀራ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። «ፋዒል» በሚለው ወዝን ላይ «ከተበ»ን ብታመጡ ካቲብ ይወጣል፤ «ዐሊመ»ን ብታመጡ ዓሊም ይወጣል። አሊፏ የምትገባበት ቦታ አይነቃነቅም፤ የሚለዋወጡት ሦስቱ ሐርፎች ናቸው። ወዝኑን የያዘ ደረሳ ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀው ቃል ሲገጥመው «ይህ አድራጊውን የሚያመለክት ነው» ይላል። የክሪተር አክትም እንዲሁ ወዝን ነው፤ አምስቱ ሜተዶች የሚሞሉ ቦታዎች ናቸው። ምሳሌያችን ከዚህ በላይ አይሄድም፤ በሰርፍ ቦታውን ካልሞላችሁት ቃል የለም፣ ክሪተር ግን ካልሞላችሁለት በራሱ መልስ ይቀጥላል።

ከፕሮግራሙ ጋር የመጡ ሁለት ልጆችን እንይ። አንደኛዋ እስስት ናት። የምትለውጠው ሁለተኛውንና አምስተኛውን እርምጃ ብቻ ነው። ፕሮሰስአክተርስ ላይ ከጎረቤቶቿ አንዱን በዘፈቀደ መርጣ ቀለሙን ትወስዳለች። ሜክሙቭ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ፊቷን ወደምትሄድበት ታዞርና የቀረውን ለወላጇ ሜክሙቭ ትተዋለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፦ እስስቷ ማንንም አትበላም። «አትብላ» የሚል መስመር ግን የትም አልተጻፈም። መብላቱ የነበረው በወላጁ ፕሮሰስአክተርስ ውስጥ ስለሆነ፣ ሜተዱን ስትተካው መብላቱም አብሮ ቀረ። ኦቨርራይድ ማድረግ መጨመር ብቻ ሳይሆን መተውም እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘንም።

ሁለተኛው ሸርጣን ነው። የሚያየው ከፊቱ ያሉትን ሦስት ሴሎች ብቻ ነው፤ የሚሄደው ደግሞ ወደ ጎን፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ። መሄድ ካልቻለ ወደ አንዱ ጎን ይዞራል። ፕሮሰስአክተርስን ስላልነካ እንደ ወላጁ ይበላል፤ የሚበላው ግን ከፊቱ ያገኘውን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም የሚቀርብለት ዝርዝር አጥሯል።

እስካሁን ያየነው ቀላሉን ክፍል ነው። ብዙዎቻችን ኮድ ስናነብ የምንዘለው ከየሜተዱ በላይ የተጻፈውን ማስታወሻ ነው፤ የክሪተር ትልቁ ትምህርት ደግሞ ያለው እዚያ ነው። ፖስትኮንዲሽን ይባላል። ሜተዱ ሥራውን ሲጨርስ እውነት ሆኖ መገኘት ያለበትን ይናገራል። ጌትአክተርስ ሲያልቅ በሰሌዳው ላይ ያለ የማንም ሁኔታ አልተለወጠም፤ ማየት ብቻ ነው። ፕሮሰስአክተርስ ራሱንና በዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ሊለውጥ ይችላል፣ ሌላ ማንንም ግን አይነካም፤ የራሱም ቦታ አይለወጥም። ጌትሙቭሎኬሽንስ እና ሴሌክትሙቭሎኬሽን እንደገና ማየት ብቻ ናቸው። የኋለኛው የሚመልሰው ከተሰጠው ዝርዝር ውስጥ ያለ ቦታ፣ ወይም አሁን ያለበትን ቦታ፣ ወይም ነል መሆን አለበት። ሜክሙቭ የሚነካው የለቀቀውንና የደረሰበትን ሴል ብቻ ነው፤ ነል ከተሰጠው ራሱን ከሰሌዳው ያወጣል።

እነዚህ ሕጎች ለምን እንዳስፈለጉ የሚገባን አዲስ ልጅ ስንጽፍ ነው። ጅብ እንጻፍ። ሦስት ጸባይ እንስጠው። አንደኛ፣ ሁሉንም አይበላም፤ በአንድ ዙር አንድ ብቻ። ሁለተኛ፣ ከበላ የበላው ወደነበረበት ቦታ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ አምስት ዙር ሳይበላ ከቆየ ይሞታል።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሁሉንም ፕሮሰስአክተርስ ውስጥ መክተት ነው፤ አንዱን ብላ፣ ወደ ቦታው ሂድ፣ ካልበላህ ቁጠር፣ አምስት ከሞላ ውጣ። ኮምፓይል ያደርጋል። ሲሠራ ግን ምን ይሆናል? ጅቡ በልቶ ሲጨርስ ቦታውን ለውጧል። አክት ይህን አያውቅምና ቀጥሎ ጌትሙቭሎኬሽንስን ይጠራል፤ እሱም ከአዲሱ ቦታ ተነስቶ ባዶ ሴል ይሰበስባል፤ ጅቡ እንደገና ይሄዳል። ሌላው ሁሉ አንድ ሴል ሲራመድ የእኛ ጅብ ሁለት ሴል ይዘላል። ኤረር ስለማይሰጥ ለረጅም ጊዜ ላይታወቅ ይችላል።

ሞቱ ደግሞ የባሰ ነው። ጅቡ ፕሮሰስአክተርስ ውስጥ ራሱን ከሰሌዳው ካወጣ በኋላ አክት ወደ ሦስተኛው እርምጃ ይሄዳል። ጌትሙቭሎኬሽንስ «ሰሌዳዬ የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ነል ነው፤ ፕሮግራሙ በነልፖይንተር ኤክሴፕሽን ይፈነዳል። የሚወጣውን የኤረር ዝርዝር ብታነቡት የወላጁን ጌትሙቭሎኬሽንስ ይጠቁማል። ጥፋቱ የተሠራበት ፕሮሰስአክተርስ ግን ጨርሶ ወጥቷልና በዝርዝሩ ውስጥ ስሙ አይገኝም። በዚህ ጊዜ «ክሪተር ራሱ ስህተት አለበት» ብሎ የወላጁን ኮድ ለመቀየር እጁን የሚሰድ አይጠፋም።

ውሉን ጠብቀን ብንጽፈውስ? ጅቡ ሁለት ነገር እንዲያስታውስ እናድርግ፦ የበላበትን ቦታና የረሃቡን ቁጥር። ፕሮሰስአክተርስ ሲጀምር የበላበትን ቦታ ነል ያደርጋል። ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ ድንጋይም ክሪተርም ያልሆነ ይፈልጋል። ካጣ ረሃቡ ላይ አንድ ይጨምራል። ካገኘ አንዱን ይመርጣል፣ ቦታውን ይመዘግባል፣ ያወጣዋል፣ ረሃቡን ወደ ዜሮ ይመልሳል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ አንድ አክተር ከሰሌዳው ሲወጣ ቦታው ነል ይሆናል፣ ስለዚህ አስቀድሞ ካልተመዘገበ ኋላ ቢጠየቅ አይገኝም። ይህ ሁሉ የተፈቀደ ነው፤ ጅቡ የለወጠው ራሱንና በዝርዝሩ ያለውን ነው፣ ከቆመበትም አልተነቃነቀም።

ሦስተኛው እርምጃ ላይ ጌትሙቭሎኬሽንስን እንተካለን። የበላበት ቦታ ካለ እሱን ብቻ የያዘ ዝርዝር ይመልሳል፤ ከሌለ የወላጁን ይጠራል። ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ካለ የወላጁ በዘፈቀደ መምረጥ እሱኑ ይመርጣል። አራተኛው ላይ ሴሌክትሙቭሎኬሽን ረሃቡን ያያል፤ አምስት ከደረሰ ነል ይመልሳል፣ ካልደረሰ ለወላጁ ይተወዋል። ሜክሙቭ ነል ሲደርሰው ጅቡን ያወጣዋል። ሜክሙቭን ራሱን አልነካንም፣ ጌትአክተርስንም አልነካንም። ለሞት የሚሆን በር ወላጁ ቀድሞ ትቶልን ነበር፤ የእኛ ሥራ በሩን ፈልጎ ማግኘት ነው።

አንድ ሰው «ረሃቡን አራተኛው እርምጃ ላይ ብንቆጥረውስ? ያው አንዴ ነው የሚጠራው» ሊል ይችላል። ዛሬ አዎ። ነገ ግን አንዷ እህታችን ከጅብ የሚወርስ ክላስ ትጽፋለች እንበል። የእሷ ክላስ የተሻለ ቦታ ለመምረጥ የጅብን ሴሌክትሙቭሎኬሽን ሁለት ጊዜ ጠርታ መልሶቹን ታወዳድራለች። ውሉ «ማየት ብቻ» ስለሚል ይህን የማድረግ ሙሉ መብት አላት። እኛ እዚያ ውስጥ ቆጥረን ከሆነ የእሷ ጅብ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይራባል፤ ጊዜው ሳይደርስም ይሞታል። ኮዷ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ብትፈልግ ምንም አታገኝም፤ ጥፋቱ የእኛ ፋይል ውስጥ ነውና።

የግሩፕ ፕሮጀክት ላይ የምናየው ችግር ይኸው ነው። አምስት ሰው አምስት ክሪተር ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲሞከር ይሠራል። በማስረከቢያው ዋዜማ አንድ ሰሌዳ ላይ ሲሰባሰቡ ዓለሙ ይታመሳል። እንበል፣ ሸርጣኑን የጻፈው ልጅ ጌትሙቭሎኬሽንስ ውስጥ መንገድ የሚዘጉበትን ሁሉ እያወጣ ባዶ ቦታ ያበጃል። የእሱ ሸርጣን አማረበት፤ መቼም አይቆምም። ባጎቹና አበቦቹ ግን እያለቁ ሄዱ፤ ጅቡ የሚበላው አጥቶ በአምስት ዙር ሞተ። ዲሞ ላይ አስተማሪው የሚጠይቀው የጅቡን ባለቤት ነው፤ ማርክ የሚቀነሰውም ከእሱ ነው። ትክክል የጻፈ ሰው ውሉን ላፈረሰው ዕዳ ሲከፍል ማለት ነው።

ጃቫ ይህን አይከላከልልንም። ፖስትኮንዲሽኖቹ ማስታወሻ ናቸው፤ ኮምፓይለሩ አያነባቸውም። አክት እንኳ «ፋይናል» ተብሎ አልተዘጋም። ክሪተርን የወረሰ ማንም ሰው አክትን ቢተካው ኮምፓይለሩ በሰላም ያሳልፈዋል። የግሪድወርልድ መመሪያ ግን አምስቱን ተኩ እንጂ አክትን አትተኩ ይላል፤ ምክንያቱም አክትን የተካ ክላስ ስሙ ክሪተር ይሁን እንጂ በወዝኑ ላይ የለም። ክሪተር ናቸው ብሎ የተማመነባቸው ሌላ ሰው ከእሱ ምን መጠበቅ እንዳለበት አያውቅም። ይህን መጠበቅ በእኛ አነጋገር አማና ነው፤ ፕሮግራም ላይ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም።

የወላጅ ክላስ ጸሐፊዎች ስትሆኑ ደግሞ ጥያቄው ይገለበጣል፦ ወላጁ ውስጥ ምን ላስገባ? ጅቡ ከሠራልን በኋላ «ረሃብ ለሁሉም እንስሳ አለ፤ ወደ ክሪተር እናውጣው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፣ ኮድም ያሳጥራል። ግን እስስቷን አስታውሷት። እሷ አትበላም። ረሃብ ወደ ወላጁ ወጥቶ አክት ውስጥ በተቆጠረ ቀን በአምስተኛው ዙር ላይ እስስቶች በሙሉ ይሞታሉ፤ የእስስት ፋይል ውስጥ አንድ ፊደል ሳይነካ። ወላጅ ክላስ ላይ የሚጻፍ እያንዳንዱ መስመር ስላሉትም ገና ስላልተጻፉትም ልጆች ሁሉ የሚነገር ነው። ክሪተር ውስጥ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ጉልበት፣ ረሃብ የሌሉት ጸሐፊው ስላላሰበባቸው አይመስለንም። ከአክተር ከወረሰው በላይ አንድም ተጨማሪ ፊልድ የለውም። የሰጠው ቅደም ተከተልና ውል ብቻ ነው።

ይህን በመካከለኛ ደረጃ የሚያዩ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ «ጥሩ ወላጅ ክላስ ማለት ብዙ ነገር ያለበት ነው» ብለው ያስባሉ። እኛ በተቃራኒው እንሄዳለን። ብዙ ነገር ያለበት ወላጅ ሲያጋጥማችሁ ልጆቹ ስንቱን ለመሰረዝ ብቻ ኦቨርራይድ እንዳደረጉ ቁጠሩ። ባዶ ሜተድ ጽፎ የወላጁን ሥራ ዝም ማሰኘት ከበዛ ችግሩ ያለው ልጆቹ ጋ አይደለም።

ለሚቀጥለው ቱቶሪያል ከላፕቶፕ በፊት በወረቀት ላይ ሞክራችሁ እንድትመጡ የምንፈልገው ይህን ነው። ጅባችን ሦስት ጊዜ ከበላ በኋላ ይወልድ፤ ግልገሉ በአጠገቡ ካሉት ባዶ ሴሎች በአንዱ ላይ ይቀመጥ። ከአምስቱ እርምጃዎች በየትኛው ውስጥ ትጽፉታላችሁ? ፕሮሰስአክተርስ ውስጥ ካላችሁ፣ በዝርዝሩ ያልነበረ አዲስ አክተር ሰሌዳው ላይ መጨመር ከውሉ ጋር እንዴት እንደሚሄድ አስረዱ። ሜክሙቭ ውስጥ ካላችሁ ደግሞ ሜክሙቭ እንዲነካ የተፈቀደለት የትኞቹን ሴሎች እንደሆነ መለስ ብላችሁ እዩ፤ ግልገሉ የት ቢቀመጥ ውሉ እንደማይፈርስ ከዚያ ታገኙታላችሁ። ቢያንስ ሁለት መልስ ይዛችሁ ኑ፣ አንዱ ለምን እንደማይሆን ጭምር። ኢንሻአላህ ሰሌዳው ላይ አብረን እንሠራዋለን።